የካንዴላ ገመድና የእንጦጦ ዳገት

ነገሩ የሆነው ሐምሌ 21 ማለዳ ነው። አክስቴ ‹‹የእንጦጦዋን ማርያም ሳልሳለም ክረምቱ አይወጣልኝም›› ማለት ከጀመሩ ሰንብተው ነበር። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ ጉልበታቸውም ታክሲ ውስጥ መውጣትና መውረድ እምቢ ብሏቸዋል። ስለዚህ ከየካ ሚካኤል ጀርባ ካለው ቤታችን አሮጌዋን ቶዮታ ኮሮላ አስነሥቼ፣ በቀበና አድርገን፣ አራት ኪሎንና ስድስት ኪሎን አልፈን ሽሮ ሜዳ ደረስን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። እስከ ሽሮ ሜዳ መኪናዋ ልጅ እግር መስላ ነው የሄደችው። ዳገቱን ስትጀምር ግን ነገር ተበላሸ። መንተክተክ፣ መርገፍገፍ፣ ነዳጅ ስጨምርላት ወደፊት በመሄድ ፈንታ ወደኋላ የሚጎትታት ሰው ያለ ይመስል መለገም… መካኒኮቻችን ‹‹ሚስ ታደርጋለች›› የሚሉት ነው።

‹‹ልጄ፣ እህል አልቀመሰችም እንዴ?›› አሉኝ አክስቴ።

ከባሕር ዛፉ መካከል ጭራሹን ቆመች። ኮፈኑን ከፍቼ አላዋቂ ሰው ኮፈን ሲከፍት የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ማለትም ትኩር ብዬ አየሁ። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲወርዱ አንዷ ሸክሟን ሳታወርድ ‹‹አይዟችሁ›› ብላን አለፈች። አይዟችሁ መባል የሚገባት እሷ ነበረች። አክስቴ ዣንጥላቸውን ዘርግተው በእግሬ እወጣለሁ ብለው ሲነሡ አንድ ሚኒባስ ደረሰልን። ተሳልመን ተመለስን፤ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ዝናብ ላይ መቆማቸው አልቀረላቸውም። ሳንባ ምች ሆነና የነሐሴን ግማሽ በአልጋ አሳለፉት። ፍልሰታን ሳያስቀድሱ ያለፉበት ዓመት እንደማያስታውሱ ሲነግሩኝ የት ልግባ!

ሰበቡ ታዲያ ምን ሆኖ ተገኘ? ጎማ የለበሰ፣ ከጣት የቀጠነ ገመድ። የካንዴላ ገመድ።

እንዲህ ያለ ነገር ጋዜጣ ላይ ይጻፋል ወይ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዕድሜዬን ግጥምና ልብ ወለድ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለ መኪና ዕቃ ምን አገባኝ? እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ነገር ግን ላምበረት አካባቢ ከሚሠሩት ሽማግሌ መካኒክ ጋር አንድ ምሽት ካሳለፍኩ በኋላ፣ ገመዱ ከኋላው ብዙ ታሪክ እየጎተተ እንደሚመጣ ገባኝ።

ሽማግሌው ቀን አልነኩትም። ‹‹መምህር፣ ሲመሽ ና›› አሉኝ። ሲመሽ ሄድኩ። መብራቱን አጠፉ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ ፀጉር ቤት አበባና ፀጉር የሚረጩበትን ዓይነት ውኃ መንፊያ አነሡና በገመዶቹ ላይ ጭጋግ የመሰለ ውኃ ነፉ። እግዜር ያሳያችሁ! ገመዱ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ መጫወት ጀመረ። ከአንዱ ገመድ ወደ ሞተሩ ብረት ጢጥ ጢጥ እያለ ይዘላል።

‹‹አየህ? ቤቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ወርዶ ይቀራል›› አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ነው። ቦቢናው ያንን ወደ 20 እና 30 ሺሕ ቮልት ያሳድገዋል። ዲስትሪቢውተሩ ለአራቱ ሲሊንደሮች በየተራ ያድላል። ገመዱ ደግሞ ያን ሁሉ ኃይል ካንዴላው ድረስ ማድረስ አለበት፤ ካንዴላው ጫፍ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ክፍተት ተሻግሮ እሳት ይሆናል። ኮረንቲ ግን ሰነፍ ነው፤ የቀለለውን መንገድ ይመርጣል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ብዙ ሳይጨነቅ ሲሠራ ክፍተቱን መሻገር ይቀለዋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ይበዛል፣ መሻገሩም ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ገመዱ የሳሳበትን ቦታ ፈልጎ ይወጣል። ለዚህ ነው መኪናዬ ሽሮ ሜዳ ድረስ ጤነኛ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ በሽተኛ የሆነችው።

የከፍታው ነገርም አለ። መገናኛ ላይ የምንተነፍሰው አየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ ራስ ላይ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ስስ አየር ኮረንቲን የመከልከል አቅሙም ስስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አውሮፕላን ሠሪዎች ይኼን በደንብ ያውቁት ነበር። አውሮፕላኖቹ ከፍ ሲሉ ብልጭታው ከካንዴላው በፊት እየዘለለ ስላስቸገራቸው የእሳት ማመንጫውን በታመቀ አየር መሙላት ነበረባቸው። እኛ እንግዲህ አውሮፕላን ሳንሳፈር ግማሽ መንገድ ላይ ያለን ሕዝብ ነን። ቆላ ላይ ለዓመታት የሚያገለግል ገመድ እዚህ ቶሎ ቢያጋልጥ አይገርምም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ።

በፈረንጆቹ 1888 በነሐሴ ወር፣ ካርል ቤንዝ የሠራውን ባለ ሦስት ጎማ መኪና ሚስቱ ቤርታ ሳታስፈቅደው፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም ፎርዝሃይም ድረስ ነዳችው። አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ናቸው፣ አዲስ አበባም ከእንጦጦ ሥር የምትድህ ሕፃን። ቤርታ ነዳጅ የገዛችው ከመድኃኒት ቤት ነው። የነዳጁ ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣ መርፌዋ ከፈተችው። የእሳቱ ሽቦ ተፍቆ ኮረንቲው ማምለጥ ሲጀምር ደግሞ፣ እንደሚተረከው፣ የካልሲ ማሰሪያዋን ፈትታ ጠቀለለችበት። በዓለም የመጀመሪያው የረዥም መንገድ የመኪና ጉዞ የዳነው በአንዲት ሴት የካልሲ ማሰሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ይህችን ታሪክ ለሽማግሌው ስነግራቸው አልሳቁም። ‹‹እኛ ፌስታል ነው የምንጠቀመው›› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዚህ ከተማ ሰው ክረምት ሲገባ ዲስትሪቢውተሩን በፌስታል ጠቅልሎ በላስቲክ ሲያስር ያላየ የለም። የተሰነጠቀ ገመድ ላይ ካላማዳሪያ ቀዶ የሚጠቀልልም አለ። ቤርታ ብታየን አታፍርብንም ነበር።

የዛሬው ዓይነት ካንዴላና ከፍተኛ ቮልት የሚሸከም ገመድ አንድ ላይ ሆነው ገበያ የወጡት በ1902 በፈረንጅ ነው። ሽቱትጋርት ውስጥ በሮበርት ቦሽ ፋብሪካ ጎትሎብ ሆኖልድ የሚባል መሐንዲስ ማግኔቶ የሚባለውን የእሳት ማመንጫ ከካንዴላው ጋር አጣምሮ ሠራ። ልብ በሉ፣ ቦሽ መኪና አይሠራም ነበር። መኪና ሠሪዎቹ ናቸው ከእሱ የሚገዙት፤ ጀርመኑም፣ ፈረንሳዩም፣ እንግሊዙም። እንዲያውም በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ እንግሊዞች ለጦር መኪናቸውና ለአውሮፕላናቸው የሚያስፈልገው ማግኔቶ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከጠላታቸው አገር እንደሚመጣ ድንገት ትዝ አላቸው! እስኪለምዱት ድረስ በጣም ተቸገሩ። የመለዋወጫ ችግር የድሃ አገር ዕጣ ብቻ ይመስለን ነበር።

አዲስ አበባ አውቶሞቢል ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ በረሃውንና ዳገቱን እየተንገታገተ ለምኒልክ አመጣ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ ባቡር ነበረ፤ እሱ ግን በእንፋሎት የሚሄድ፣ እሳቱ በግልጽ የሚታይ፣ እንጨት ስጡኝ የሚል ነው። ሕዝባችን ምድጃ ያውቃልና የሰርኪስን ባቡር ነገር ሊረዳው አይቸግረውም። የቤንትሌይ መኪና ግን እሳቱን ሆዱ ውስጥ ደብቆ፣ በየሰኮንዱ እየለኮሰና እያጠፋ የሚሄድ ጉድ ነው።

የጉዱን ምስጢር እንዲማር ምኒልክ ጀርመን አገር የላኩት ማንን ይመስላችኋል? ተሰማ እሸቴን። ግጥም አዋቂውን፣ ዘፋኙን፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉትን፣ የኳስ ሰው የይድነቃቸው ተሰማን አባት። በ1900 ዓ.ም. አርኖልድ ሆልትስ ከሚባል ጀርመናዊ ጋር ሄደው የመኪና ነገር ተማሩ፤ እግረ መንገዳቸውን በርሊን ውስጥ ዘፈናቸውን ሸክላ ላይ አስቀረጹ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ ላይ የተቀረጸው እንዲህ ነው፤ መካኒክነት ሊማር በሄደ ሰው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የተሰማን ስም በቅኔና በግጥም ብልሃታቸው እያነሣሁ፣ ሞተር የመፍታቱን ነገር እንደ ቀልድ ነበር የምዘለው። ተማሪዎቼን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ከመጀመሪያዎቹ መካኒኮቻችን አንዱ ባለቅኔ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ስለ ሰምና ወርቅ ባላነሣ የድሮ መምህርነቴን መካድ ይሆንብኛል። ለሽማግሌው ነገርኳቸው፤ ኮረንቲው ወርቁ ነው፣ ጎማው ሰሙ፤ ሰሙ ሲቀደድ ወርቁ ያመልጣል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ‹‹እሱ ደግ ነው፤ አሁን ቴስተሩን አቀብለኝ›› አሉኝ።

ቋንቋን ካነሣን አይቀር፣ ይኼን ሁሉ ስጽፍ ከየት ባመጣኋቸው ቃላት እንደተጠቀምኩ አይታችኋል? ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ኮረንቲ፣ ኮፈን፣ ካላማዳሪያ። ሁሉም ጣሊያንኛ። በ1928 ዓ.ም. የገባው ወራሪ በ1933 ዓ.ም. ወጣ፤ ጋራዡ ውስጥ ግን ቃላቱን ረስቶ ሄደ። በእርግጥ ሁሉም አልሄዱም፤ እዚሁ ቀርተው ጋራዥ የከፈቱ፣ ልጆቻችንን መፍቻ ያስያዙ ጣሊያኖች ነበሩ። ከእነሱ እጅ ተቀብለን ነው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞተሪኖ የምንለው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ፈረንሳዩም፣ ጀርመኑም፣ ሩሲያዊውም በየቋንቋቸው ሻማ ነው የሚሉት። እኛ በራሳችን ብንሰይመው ኖሮ ጧፍ እንለው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ‹‹የመኪናዬ ጧፍ ጠፋ፣ ለውጥልኝ›› ብሎ ጋራዥ መግባት እንዴት ደስ ይላል!

ጣሊያን በእኛ በየካ በኩል የሠራው ትልቁ ነገር በኮተቤ ወጥቶ፣ ጣርማ በርን በዋሻ በስቶ ደሴና አስመራ የሚሄደው መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ለዓመታት የተመላለሱት የፊያት ከባድ መኪኖች ናፍጣ ስለሆኑ ካንዴላ የላቸውም፤ በመታመቅ ብቻ ነው የሚነዱት። የካንዴላ ገመድ ታሪካችን የሚጀምረው ከትንንሾቹ ነው። ከፊያት ሴይቼንቶ፣ ከቮልስ። የቮልሱ እንኳ በታሪክ መጽሐፍ ገብቷል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ሮልስ ሮይሶቹ ጋራዥ ቆመው በአራት ገመድ በምትሄድ መኪና። ያን ዕለት ከገመዶቹ አንዱ ቢያጋልጥና መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆም ኖሮ… ሽማግሌው መካኒክ ይኼን አሳብ ወደዱት። ‹‹ቮልስ አታሳፍርም፤ ገመዷ መዳብ ነው›› አሉ።

መዳብነቱ ሌላ ጣጣ አለው። የድሮ ገመድ ውስጡ መዳብ ሽቦ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን እያንዳንዷ ብልጭታ ሬዲዮ ትረብሻለች። ሄርትስ የሚባለው ጀርመናዊ በ1880ዎቹ በፈረንጅ የሬዲዮን ሞገድ ያረጋገጠው በብልጭታ ነበርና፣ እያንዳንዱ የቤንዚን መኪና ፈቃድ የሌለው ሬዲዮ ጣቢያ ነው ማለት ነው። በደርግ ዘመን ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን፣ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮም የአሜሪካ ድምፅን በአማርኛ ለመስማት መኪናቸው ውስጥ የሚቀመጡ ሰዎች ሞተር ያጠፉት ለድብቁ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ ከተነሣ ‹‹ጧ ጧ ጧ›› ብቻ ነው የሚሰማው። መኪና ሠሪዎቹ ለዚህ ብለው ከ1950ዎቹ በፈረንጅ ወዲህ መዳቡን አውጥተው ካርቦን የጠጣ ክር አስገቡበት። ክሩ ኮረንቲውን ትንሽ ይዞ ረብሻውን ያደክመዋል። ሬዲዮው ጠራ፤ ገመዱ ግን ተሰባሪ ሆነ። ጎትተህ ስትነቅለው ክሩ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ብዙ ገመድ የሚሞተው በዕድሜ ሳይሆን በእጃችን ነው፤ ጫፉን ይዞ በማዞር በመንቀል ፈንታ እንደ ካሮት ከመሐሉ ስለምንጎትተው።

ውጭው ጎማም የራሱ ታሪክ አለው። ድሮ የተፈጥሮ ጎማ በጥጥ ተጠልፎ ነበር የሚለብሰው። የሚያመልጠው ኮረንቲ አየሩን ወደ ኦዞን ይለውጠዋል፤ ኦዞን ደግሞ ጎማ ይበላል። ገመዱ በራሱ ፍሳሽ ራሱን ይሰነጥቃል ማለት ነው። ከዚያ ሰው ሠራሽ ጎማዎች፣ ቀጥሎም ሲሊኮን መጡ። ሲሊኮን ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይችላል፣ ነገር ግን ስለታም ብረት ከነካው እንደ እርጎ ይቆረጣል። ስለዚህ ከጭስ መውጫው ብረት ርቆ፣ ከሌላው ገመድ ጋር ሳይነካካ፣ ማበጠሪያ በሚመስሉት መያዣዎቹ መቀመጥ አለበት። የእኛ ሰው እነዚያን መያዣዎች ለምን እንደሆነ እንጃ ከሁሉ አስቀድሞ ነው የሚጥላቸው።

የየካ ጠላቶቹ ግን ሌሎች ናቸው። አንዱ አይጥ ነው፤ ክረምት ላይ ሞቃት ሞተር ላይ ያድርና ጠዋት ለቁርስ ገመድ ይበላል። ሁለተኛው ላቫጆ ነው። ‹‹ሞተሩም ይታጠብ?›› ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። በኃይል የሚረጨው ውኃ ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ከንጹሕ መኪና ጋር ታክሲ ፍለጋ ትቆማላችሁ። ፌስታሉም ቢሆን ከዝናብ ያድናል እንጂ ውስጡ ያልባል፤ ሲያባራ ይፈታ ይላሉ ሽማግሌው። እሳቸው የሚያምኑት በገመዱ ጫፍ ቆብ ውስጥ ትንሽ የሲሊኮን ግሪስ መቀባትን ነው።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት። ያን ገመድ የገዛሁት ከሐምሌ በፊት ሦስት ወር ያህል ሲቀረው ነው። የሱቁን ስም አልጠራም። ‹‹ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?›› ብዬ ጠየቅሁ፤ ‹‹ኧረ ኦሪጅናል ነው ጋሼ!›› ተባልኩ። ካርቶኑ ላይ የታወቀ የጃፓን ስም ታትሟል። ሽማግሌው ቴስተር አምጥተው ለኩት። የቶዮታ መመሪያ አንድ ገመድ ከ25 ሺሕ ኦም በላይ መቋቋም የለበትም ይላል። ከአራቱ ሁለቱ ደኅና ናቸው፣ አንዱ ከ60 ሺሕ በላይ፣ አንዱ ጭራሽ አይቆጥርም። ከቆቡ በታች የነበረውን ጎማ በጥፍራቸው ፈተጉት፤ እንደ ደረቀ ሙጫ ተፈረፈረ።

ታዲያ ስናወራ አንድ ነገር ገረመኝ። ‹‹ኦሪጅናልስ ቶዮታ የሠራው ነው አይደል?›› አልኳቸው። ‹‹ቶዮታ መች ገመድ ይሠራል?›› አሉኝ። እውነት ነው። ከቦሽ ዘመን ጀምሮ መኪና ሠሪው የካንዴላውን ነገር ከሌላ ቤት ነው የሚገዛው። ራሱ ካርቶን ውስጥ ይከትተውና ስሙን ይጽፍበታል። ያው ፋብሪካ ወይም ጎረቤቱ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ገመድ በራሱ ስም በርካሽ ይሸጣል። ይኼ ሌብነት አይደለም፤ ደኅና ሥራ ነው። ሌባው የሰው ስም የሚለጥፈው ነው።

እኛ ግን በሁለት ቃል ብቻ ነው የምንገበያየው፦ ኦሪጅናልና ፎርጅድ። ለመካከለኛው፣ በራሱ ስም በሐቀኝነት ለተሠራው፣ ቃል የለንም። ‹‹ታይዋን›› የምንለው እንኳ ስድብ ሆኗል፣ ታይዋን ደኅና ዕቃ እንደማትሠራ ሁሉ። ቃል የሌለው ነገር ደግሞ ገበያ ላይ አይታይም። ሻጩ ሐቀኛውን ገመድ በእውነተኛ ስሙ ቢያቀርብልኝ ‹‹ኦሪጅናል አይደለም›› ብዬ ትቼው እሄድ ነበር። ይኼን ስለሚያውቅ ውሸት ይሸጥልኛል። የተታለልኩት በሱ ብቻ አይደለም፣ በጥያቄዬም ነው።

ሽማግሌው ቃል አላቸው። ከመደርደሪያቸው አንድ ካርቶን አወረዱ፤ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ኩባንያ ነው። ‹‹ይኼ ማደጎ ነው›› አሉኝ። ‹‹እናት አልወለደችውም፣ ግን ቤቱን ያውቃል። የራሱን አባት ስም አልካደም። ያኛው ያንተው የሰው አባት ስም የሰረቀ ነው።›› ማደጎ! ስንት ዓመት የቃላት ፍቺ ሳስተምር እንዲህ ያለ ትርጉም አልሰጠሁም።

ማደጎውን እንዴት እንደሚመርጡት አየሁ። ካርቶኑን አላነበቡም። መጀመሪያ ርዝመቱን ከአሮጌው ጋር አስተካክለው ለኩ፤ የረዘመ ይንዘላዘላል፣ ያጠረ ይወጠርና ይነቀላል። ከዚያ እያንዳንዱን በቴስተር። ቀጥሎ የጫፉን ብረት ካንዴላ ላይ ሰኩት፣ ‹‹ቀጭ›› ማለት አለበት። ጎማውን አጥፈው ለቀቁት፤ ስንጥቅ ሳያሳይ ተመለሰ። ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ‹‹8 አይሻልም?›› አልኩ፤ ልጆቹ ቀይ ቀይ ወፍራም ገመድ ሲያስገቡ አይቼ። ‹‹ውፍረት ለዓይን ነው›› አሉኝ። የገጠሙትም አሮጌውን አንድ ነቅለው አዲሱን አንድ እየተኩ ነው፤ አራቱን በአንዴ የነቀለ ሰው ተራውን ይስትና እሳቱ ለተሳሳተ ሲሊንደር ይደርሳል። ላዳውም ኮሮላውም አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት ነው ተራቸው። ሽማግሌው ይኼን በሹክሹክታ እንደ ጸሎት ነው የሚሉት።

በደርግ ጊዜ ላዳ ታክሲዎችን እንዴት እንዳቆዩ የነገሩኝን ብጽፈው መጽሐፍ ይሆናል። ገመድ ሲጠፋ ከተበላሹ መኪኖች አራት ግማሽ ገመድ ሰብስበው ሁለት ሙሉ ያወጡ ነበር። በዚህ ከተማ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ሦስት አሥርት ዓመት ያለፈው በሩሲያ ብርታት ብቻ አልነበረም። የእነዚያን እጆች ስም የጻፈ የለም፤ እኔም አሁን የሽማግሌውን ስም አልጻፍኩም፣ ራሳቸው አይሆንም ስላሉ ነው። ‹‹ግብር ሰብሳቢ ጋዜጣ ያነባል›› ብለው።

ይኼ እውቀት ግን ብዙ አይቆይም። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ አዳዲሶቹ የቤንዚን መኪኖች ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱን ቦቢና በላዩ ላይ እየጫኑ ገመዱን አስቀርተውታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ፤ መንገዱን የኤሌክትሪክ መኪኖች እየሞሉት ነው። ካንዴላ የላቸውም። ቦቢና የላቸውም። ጭሱን የምንናፍቀው አይመስለኝም፣ አክስቴም ሳንባቸው ይመሰክራል። ነገር ግን ያሉት አሮጌ መኪኖች ነገ ጠዋት አይጠፉም፤ ምትክ ስለማይገባላቸው እንዲያውም ይበልጥ ይታሻሉ፣ ይበልጥ መለዋወጫ ይፈልጋሉ፣ ሌባውም ይኼን ያውቃል። የላምበረቱ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ የሚያቀብለው ልጅ ማታ ማታ የባትሪ መኪና ጥገና ሊማር ይሄዳል። ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው የሚከፍሉለት። ልጁ ‹‹ቦቢና›› ሲሉት ‹‹ኮይል ማለትዎ ነው?›› ብሎ ያርማቸዋል። ጣሊያንኛው በዚህ ልጅ ላይ ሊያበቃ ነው።

አሮጌዎቹን አራት ገመዶች መልሰው ሰጡኝ። ሊጥሉት ሲሉ እኔ ነኝ የለመንኳቸው፤ መጻሕፍት መደርደሪያዬ ጎን ምስማር ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ልጄ ‹‹ምንድን ነው ይኼ?›› ሲለኝ ‹‹የታተመበት ስም የሱ አይደለም›› ብዬዋለሁ።

መስከረም 21 ለንግሡ አክስቴን ይዤ እንደገና ወጣሁ። ሰዉ መንገዱን ሞልቶት በማርሽ አንድ ነው የምንሄደው፣ ቆም፣ ነሣ፣ ቆም፣ ነሣ። ከባሕር ዛፉ መካከል፣ ያን ቀን ከቆምንባት ቦታ ስንደርስ አክስቴ ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

‹‹ዛሬስ በልታለች›› አሉ።